ከ«ጽድ» እስከ «ፅድ»፦ የእጽዋትን ዝርዝር በአንድ ትእዛዝ ለገበሬው ስልክ ማድረስ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌና ወገብ ላይ የሚገኘው ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው ይህ ማዕከል፣ ሀገር በቀል እጽዋትን የመጠበቅ፣ የማጥናትና የማስተማር ዓላማ ይዟል። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ የደጋው ምድር መለያ ከሆኑት ዛፎች መካከል ናቸው።

የእጽዋት ማዕከልን ከተራ መናፈሻ የሚለየው መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ተክል ሳይንሳዊ ስሙ፣ የአካባቢ መጠሪያው፣ ዘሩ የተለቀመበት ቦታና ጊዜ ተጽፎለት ይቀመጣል። መዝገቡ የጠፋበት ዛፍ ጥላ መስጠቱን አይተውም፤ ለተመራማሪውና ዘር ለሚሻው ገበሬ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እንግዳ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው «የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ» የተሰኘው ግዙፍ ሥራ ወደ 6,000 የሚጠጉ የእጽዋት ዝርያዎችን በ8 ቅጾች መዝግቧል። ይህን መሰሉ እውቀት ከመጽሐፍ መደርደሪያ ወጥቶ በገበሬውና በከተማ ነዋሪው የእጅ ስልክ ላይ እንዲነበብ ግን ሌላ ሙያ ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ የምናብራራው በዚሁ ሙያ ውስጥ ስለሚገኝ አንድ ቀላል መሣሪያ፣ ስለ «ተግባር አስፈጻሚ» ነው።

አራት ሥራዎች፣ አንድ ቅደም ተከተል

ለአብነት ያህል፣ አንዲት ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ የ100 ሀገር በቀል ዛፎችን ስምና ፎቶግራፍ የያዘ ትንሽ ድረ ገጽ ማዘጋጀት ፈለገች እንበል። ዝርዝሩ በታረመ ቁጥር አራት ሥራዎችን ማከናወን ይኖርባታል። በመጀመሪያ መዝገቡ የተሟላ መሆኑን ታጣራለች፤ ቀጥላ ለፍለጋ የሚያገለግለውን የስም ዝርዝር ፊደል ታስተካክላለች፤ ከዚያም ፎቶግራፎቹን ታሳንሳለች፤ በመጨረሻ ገጾቹን ትገነባለች።

ማጣራቱ ለምን እንደሚያስፈልግ «ጽድ» የሚለው ስም ራሱ ያስረዳል። በሀገራችን የሐበሻ ጽድ አለ፤ የፈረንጅ ጽድም አለ። የመጀመሪያው ጁኒፔረስ ፕሮሴራ የሚባለው ሀገር በቀል ዛፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሜክሲኮና ከማዕከላዊ አሜሪካ የመጣው ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ ነው። በመዝገቡ ላይ «ጽድ» ብቻ ተጽፎ ሳይንሳዊ ስሙ ከተዘለለ፣ የአያቱን ደን መመለስ የፈለገ ገበሬ ከባሕር ማዶ የመጣውን ዛፍ ሊተክል ይችላል። ስሕተቱ ጎልቶ እስኪታየው ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ መሬቱና ድካሙም አብረው ይባክናሉ።

ፊደል ማስተካከሉም የራሱ ምክንያት አለው። «ጽድ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ «ፅድ» ብሎ የሚጽፍም አለ። የማዕከሉ ስያሜ ውስጥ ያለው ቃል እንኳ አንዱ ጋ «እጽዋት»፣ ሌላው ጋ «ዕፅዋት» ተብሎ ይገኛል። ለአንባቢ ጆሮ ልዩነት የለውም። ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን ፊደል በተለየ ቁጥር ነው የሚያውቀው፤ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲካተት «ጽ» እና «ፅ» የየራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል። በመሆኑም በዝርዝሩ «ጽድ» ተብሎ የተመዘገበውን ዛፍ «ፅድ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «አልተገኘም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ቅጂ ማዘጋጀት ነው። በዚያ ቅጂ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነእርባታቸው ይለወጣሉ። ተጠቃሚው የሚጽፈው ቃልም በተመሳሳይ መንገድ ተለውጦ ይፈለጋል። ለአንባቢ የሚታየው ጽሑፍ ግን የፊደሉን ሥርዓት እንደጠበቀ መቆየት አለበት።

ፎቶግራፍ ማሳነሱ ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ነው። አንድ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ቢሆን 100ው በድምሩ 300 ሜጋባይት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ወደ 100 ኪሎባይት ቢወርድ ግን ሁሉም ተደምረው 10 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይፈጃሉ። የኢንተርኔት ጥቅል በቁጠባ ለሚጠቀም ሰው ይህ ልዩነት ገጹን በመክፈትና ባለመክፈት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የመርሳት ዋጋ

አራቱን ትእዛዞች በየጊዜው በእጅ መጻፍ ይቻላል። ችግሩ ሰው ይረሳል፤ ሲቸኩልም ይዘላል። መዝገቡን አርሞ ገጾቹን እንደገና መገንባት የረሳ ባለሙያ፣ እርማቱ ለምን እንዳልታየ ሲመረምር ሊውል ይችላል።

ይህ ችግር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ለመፍጠር የተነሣው፣ የሥራ ባልደረባው ስሕተቱ አስቀድሞ የታረመ ፕሮግራም ሲመረምር ግማሽ ቀን ካባከነ በኋላ ነበር። ባልደረባው ጽሑፉን አርሟል፤ የታረመውን ጽሑፍ ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥን ግን ዘንግቷል። «ሜክ» የትኛው ፋይል ከየትኛው በኋላ እንደተለወጠ አመሳክሮ፣ መሠራት ያለበትን ብቻ በተራው ይሠራል። ዛሬ ያሉት ተግባር አስፈጻሚዎች የእርሱ ታናናሽ ወንድሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 በብሬንዳን አይክ የተፈጠረ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ድረ ገጾችን ሕያው ለማድረግ ሲሆን፣ በ2009 ራያን ዳል ያስተዋወቀው «ኖድ» ቋንቋው ከድረ ገጽ ማሰሻ ውጪም በስፋት እንዲያገለግል በር ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት «ኤንፒኤም» የተባለው የፓኬጅ ማስተዳደሪያ መጣ። እንደ «ግራንት» እና «ጋልፕ» ያሉ ተግባር አስፈጻሚዎች በ2012 እና በ2013 ተከታትለው ብቅ ብለዋል። ይሁንና ለትንሽ ሥራ ከኖድ ጋር አብሮ የሚጫነው ኤንፒኤም ብቻውን ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ የጃቫስክሪፕት ሥራ ፎልደር ውስጥ «ፓኬጅ ዶት ጄሰን» የሚባል ፋይል ይቀመጣል። በፋይሉ ውስጥ «ስክሪፕትስ» የተሰኘ ክፍል አለ፤ በዚያ ክፍል በስተግራ የሥራው መጠሪያ፣ በስተቀኝ ደግሞ የሚፈጸመው ትእዛዝ ይጻፋል። መጠሪያው በአማርኛ ቢሆንም ፋይሉ ይቀበለዋል። ስለዚህ ባለሙያዋ ሥራዎቿን «አጣራ»፣ «አስተካክል»፣ «አሳንስ» እና «ገንባ» ብላ ልትሰይም ትችላለች። ከዚያ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ «ኤንፒኤም ረን አጣራ» ብላ ስትጽፍ፣ ከዚያ ስም ጋር የተቆራኘው ትእዛዝ ይፈጸማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት በኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል መሆኑን ልብ ይሏል።

የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ሥራዎችን ማያያዙ ላይ ነው። «አትም» የሚል አምስተኛ መጠሪያ ተከፍቶ አራቱ ሥራዎች በተራ ይደረደራሉ፤ በየመካከላቸውም «&&» የሚለው ምልክት ይገባል። የምልክቱ ትርጉም «የፊተኛው በደኅና ካለቀ ወደ ኋለኛው እለፍ» ማለት ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ ለኮምፒውተሩ አንድ ቁጥር ይመልሳል፤ 0 ከሆነ ሥራው ተሳክቷል፣ ከ0 የተለየ ከሆነ ግን እክል ገጥሞታል። በመዝገቡ ውስጥ ሳይንሳዊ ስም የሌለው «ጽድ» ቢገኝ «አጣራ» 1 ቁጥርን እንዲመልስ ተደርጎ ይጻፋል። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል፤ አዲስ ገጽ አይገነባም፤ የተሳሳተው መረጃም ወደ ገበሬው አይደርስም። በ«&&» ፋንታ ነጠላ ሰረዝ ከላዩ ነጥብ ያለው የላቲን ምልክት ቢገባ ግን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የፊተኛው ቢወድቅም የኋለኛው ይቀጥላል። በአንድ ምልክት ስሕተት ጥበቃው ሁሉ ሊፈርስ ይችላል።

ለጀማሪዎች

መሣሪያውን ለመሞከር የሚሻ ወጣት በመጀመሪያ ኖድን በኮምፒውተሩ ላይ ይጭናል። ቀጥሎ ባዶ ፎልደር ከፍቶ በውስጡ «ኤንፒኤም ኢኒት» ሲል ፓኬጅ ዶት ጄሰን ይፈጠርለታል። አንድ አጭር ሥራ በ«ስክሪፕትስ» ክፍል ውስጥ ጽፎ ያስፈጽማል። «ኤንፒኤም ረን» ብቻ ብሎ ሲጽፍ የተመዘገቡት ሥራዎች ዝርዝር ይታዩታል፤ ይህም ሥራውን ከሌላ ሰው ለተረከበ ባለሙያ ትልቅ እገዛ ነው። የሚያስፈልጉት ፓኬጆች አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ በፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ሥራዎች ለማስፈጸም ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ መስመር በተቋረጠበት ቀንም ሥራው ይቀጥላል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። አንደኛው፣ የኤንፒኤም ስክሪፕት እንደ «ሜክ» የተለወጠውን ከአልተለወጠው አይለይም። ትናንት ያሳነሳቸውን 100 ፎቶግራፎች ዛሬም እንደገና ያሳንሳል። ለመቶ ይህ ችግር አይሆንም፤ ለብዙ ሺህ ግን የተለወጡትን ብቻ የሚመርጥ መሣሪያ መፈለግ ይበጃል። ሁለተኛው፣ ሌሎች ሰዎች ያዘጋጁት ፓኬጅ በሚጫንበት ጊዜ የራሱን ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ላይ ሊያስፈጽም ይችላል። ስለሆነም ምንጩ ያልታወቀ ፓኬጅ መጫን፣ ከማን እንደተገዛ ያልታወቀ ዘር እንደመዝራት ነው።

በችግኝ ጣቢያ ያለ ሠራተኛ ይህን ሥርዓት ለመረዳት አይቸገርም። ዘር ይለቀማል፣ ይጸዳል፣ በመደብ ላይ ይዘራል፣ የፈላው ችግኝ ተንከባክቦ ክረምት ሲገባ ወደ ተከላ ቦታው ይወሰዳል። ያልጸዳ ዘር ወደ መደብ አይወርድም፤ ያልጠነከረ ችግኝም ወደ ተራራ አይወጣም። ተግባር አስፈጻሚው የሚያደርገው ይህንኑ ተራ በኮምፒውተር ውስጥ ማስከበር ነው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው «ጽድ» የትኛው ጽድ እንደሆነ ግን መሣሪያው አያውቅም፤ ያን ለይቶ የሚጽፈው ዛፉን በዓይኑ አይቶ፣ ቅጠሉንና ፍሬውን በእጁ ዳስሶ የሚያውቀው ሰው ነው።