የፌሮ መቀጠያና የእሳት ሙቀት

ከውጭ አገር ከሚገቡት የሕንፃ ዕቃዎች መካከል የፌሮ መቀጠያ አንዱ ነው። ይህ ዕቃ የሁለት ፌሮዎችን ጫፍ አገናኝቶ የሚይዝ አጭር የብረት ቱቦ ሲሆን፣ ፌሮን በፌሮ ላይ ደርቦ በሽቦ በማሰር ፈንታ ያገለግላል። ብረት ይቆጥባል፤ በምሰሶ ውስጥም መጨናነቅን ይቀንሳል። ሆኖም ገዥዎች ዋጋውንና ውፍረቱን አጥብቀው ሲጠይቁ፣ ሕንፃው በእሳት ቢያዝ መቀጠያው ምን እንደሚሆን የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ ግን ይህ ጥያቄ የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ጭምር መሆኑን ያስታውሰናል።

ብረት እንደ እንጨት ነዶ ዐመድ አይሆንም፤ የሚቀልጠውም 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ነገር ግን ከመቅለጡ እጅግ አስቀድሞ ይደክማል። የአውሮፓ የግንባታ ደንብ እንደሚያመለክተው፣ በትኩሱ የተዳመጠ ፌሮ እስከ 400 ዲግሪ ድረስ ኀይሉን ይዞ ይቆያል፤ በ500 ዲግሪ 78 ከመቶ፣ በ600 ዲግሪ 47 ከመቶ፣ በ700 ዲግሪ ደግሞ 23 ከመቶ ብቻ ይቀርለታል። በመደበኛው የእሳት መፈተኛ ምድጃ ውስጥ ሙቀቱ በ30 ደቂቃ 842 ዲግሪ ይደርሳል። ፌሮውን ከዚህ ሙቀት የሚጠብቀው በላዩ ያለው የአርማታ ሽፋን ነው።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። መቀጠያው ከፌሮው ስለሚወፍር፣ በእርሱ ላይ የሚቀረው ሽፋን ይሳሳል። ጥርስ ወጥቶለት በሚጠብቀው መቀጠያ ኀይሉ የሚተላለፈው በጥርሱ በኩል ስለሆነ፣ ጥርሱ በሚገባ ያልተቆረጠ እንደሆነ በሙቀት ጊዜ ጉድለቱ ይብሳል። በውስጡ የሲሚንቶ ድብልቅ በሚሞላበት ዓይነት ደግሞ ድብልቁ በሙቀት ሲደክም ፌሮው ሳይበጠስ ተንሸራትቶ ሊወጣ ይችላል።

ከእሳት በኋላ በትኩሱ የተዳመጠ ፌሮ ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ካላለፈ ሲበርድ አብዛኛውን ኀይሉን መልሶ ያገኛል። በቀዝቃዛው የተጠመዘዘው ግን 450 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ያጣውን ኀይል እንደ ቀድሞው አይመልስም። ይህንንም ልዩነት በዓይን ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ አስመጪው ዕቃ ሲያዝ የመጎተት ፈተና የምስክር ወረቀት ይጠይቅ፤ በተለመደው ሙቀት የተደረገ ፈተና ለእሳት ምስክር ስለማይሆን፣ የሙቀት ፈተና ውጤት መኖሩንም ለይቶ ይጠይቅ። ባለሱቁም ከተቃጠለ ሕንፃ ወይም መጋዘን የወጣ ፌሮና መቀጠያ ከአዲሱ ጋር አይቀላቅል፤ በቤተ ሙከራ ሳይፈተንም ለሥራ አይሽጥ። በርካሽ የተገኘ ብረት የሚያስገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ በላዩ የሚቆመው ፎቅ ግን የብዙ ሰው ሕይወትና ንብረት ይዟል።