ሰዋስው ምን ይመሰክራል?

ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። ስሙም ለቋንቋ ሥርዓት የተገባ ነው፤ በእርሱ ወጥቶ የሚመለከት መጽሐፍ ያልመዘገበውን ዘመን ያያልና። ይሁን እንጂ መሰላል ሁሉ ልክ አለው። ስለዚህ ሰዋስው የሚያሳየንንና የማያሳየንን ለይተን እንመርምር።

አስቀድመን ታሪክን እንይ። በዖማን አገር፣ በመስቀጥ አጠገብ ባለችው በማቢላ የሚነገረው ቋንቋ ዐረብኛ ነው። በዐረብኛ ሰዋስው «ጻፍኩ» ለማለት «ከተብቱ»፣ «ጻፍህ» ለማለት «ከተብተ» ይባላል፤ የግሱ መድረሻ «ተ» ነው። ነገር ግን በዚያው አገር፣ ከመስቀጥ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዙፋር፣ መህሪና ሸሕሪ የሚባሉ ቋንቋዎች አሉ። የእነዚህ መድረሻ እንደ ግዕዙ «ጸሐፍኩ»፣ «ጸሐፍከ» በ«ከ» ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን «እኔ» በ«ከ»፣ «አንተ» በ«ተ» ይለዩ ነበር። በባቢሎን ምድር ይነገር በነበረው በአካድ ቋንቋ «ሸራኩ» ንጉሥ ነኝ፣ «ሸራታ» ንጉሥ ነህ ማለት ነበር። ኋላ ዐረብኛና ዕብራይስጥ «ተ»ን ለሁለቱም ሲያደርጉ፣ ግዕዝና የዙፋር ቋንቋዎች «ከ»ን ለሁለቱም አደረጉ። ይህም ግዕዝ ከመህሪ ተወለደ ማለት አይደለም፤ ጥንታዊ ዝምድናን ያመለክታል እንጂ።

ዳግመኛም የአማርኛን አገባብ እንመልከት። ግዕዝ «ጸሐፈ ወልድ መጽሐፈ» ብሎ ግሱን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን «ልጁ መጽሐፍ ጻፈ» ብሎ በግስ ያሥራል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህ ከአገውና ከሌሎች ኩሻውያን ወገኖች ጋር ለብዙ ዘመን አብሮ ከመኖር የመጣ ነው ይላሉ። እነሆ፣ በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር የባሕር ማዶ ዘመድና የአገር ቤት ጎረቤት ተገናኙ።

ስለ ባህልና ስለ አሳብ ግን መጠንቀቅ ይገባል። አማርኛ ለታላቅ ሰው «እርስዎ» ይላል፤ ቃሉም «ርእስ» ከሚለው የተገኘ ነው። በግዕዝ ግን ንጉሡም ሕፃኑም «አንተ» ይባላል፤ በዐረብኛም እንዲሁ። በማቢላ በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን፣ ሕፃን ልጅ ሽማግሌውን «አንተ» ሲል ብትሰማ፣ ይህ ሕዝብ አክብሮት አያውቅም ብላ ልትፈርድ ትችላለች። ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። ዐረቦች ታላቁን ሰው በስሙ ከመጥራት ይልቅ «የእገሌ አባት»፣ «የእገሌ እናት» እያሉ ያከብሩታልና። እኛም ራሳችን ለሽማግሌ «እርስዎ» እያልን፣ ከሁሉ በላይ የሆነውን እግዚአብሔርን በጸሎት «አንተ» እንለዋለን። ይህን የምንለው ከማክበር ጉድለት ነውን? አይደለም።

እንግዲህ ወንድሞች ሆይ፣ ሰዋስው አባቶች ከማን ጋር እንደ ኖሩ ይመሰክራል፤ በሰው ልብ ያለውን ለመፍረድ ግን አይበቃም። ግስ ስንቈጥር ይህን ልዩነት እናስብ፤ የሌላውንም ሕዝብ ቋንቋ ስንሰማ ለመፍረድ አንቸኩል።