«ቧንቧ»፣ «ቱቦ» እና «ቦይ»

«ከምድር ቤቱ ወለል ሥር ያለው አሮጌ ቧንቧ ይለወጥ» የሚለው ትእዛዝ ሁለት አሻሚ ቃላት አሉበት። «ምድር ቤት» ለአንዳንዱ ከመሬት እኩል፣ ለሌላው ከመሬት በታች ያለ ክፍል ነው። «ቧንቧ»ም ንጹሕ ውሃ የሚያመጣውንም ፍሳሽ የሚያወጣውንም ያመለክታል።

እንደ አብርሃ ጅራ ባለው ቆላ ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የተቀበረውንም መሥመር ሊሰብር ይችላል። ቃሉ ካልተለየ ቆፋሪው የመጠጡን ውሃ መሥመር ይሰብርና ከፍሳሹ ያገናኘዋል።

ስለዚህ «ቧንቧ» በግፊት ለሚመጣ ውሃ፣ ከጣሊያንኛ የገባው «ቱቦ» በተዳፋት ለሚወርድ ፍሳሽ፣ «ቦይ» ለክፍት መውረጃ ቢወሰኑ እንመርጣለን። «ምድር ቤት» ባሻማ ጊዜም «ከመሬት በታች ያለ ክፍል» ይባል።