የሠርጉን ሂሳብ የሚከፍለው ማን ነው?

ሰሜን ሸዋ ካሉት ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ወጥቶ አዲስ አበባ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ሊድር ሲነሣ፣ ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው እንደተመለሱ የሚነሣው ጥያቄ ድግሱ የት ይሁን የሚለው ነው። አንዱ ወገን ደብረ ብርሃን ይላል። ከአዲስ አበባ በአስፋልት 130 ኪሎ ሜትር፣ የብርድ ልብስና የቢራ ፋብሪካ፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት፣ ሆቴልና አዳራሽ የማይታጣባት ከተማ ናት። ሌላው ወገን የአባት አገር ይሻላል ይላል፦ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ። ገደሉና ሜዳው ለፎቶ ያምራል፣ ዘመድ አዝማዱም እዚያው ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «የትኛው ይረክሳል?» ወደሚለው ያዘነብላል። እኔ ግን ቤተሰቡ አስቀድሞ ሁለት ነገር ቢጠይቅ እመርጣለሁ፦ ወጪው በማን ትከሻ ላይ ያርፋል? የወጣው ብርስ ማን እጅ ይቀራል?

የአዳራሹ ሂሳብ ግልጽ ነው፤ በወረቀት ይመጣል። ዋጋው በሰው ቁጥር ይሰላል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ዲኮሩ፣ ዲጄው፣ ኬኩና ቪዲዮው ለየብቻ ይደመራሉ። ብዙ ደጋሽ የሚደነግጠው መጨረሻ ላይ ነው። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የሚጨምር ሆቴል ለአንድ ሰው 1,000 ብር ብሎ ከሆነ፣ በ1,100ው ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከል 1,265 ብር ይሆናል። ለ300 ሰው ልዩነቱ ብቻ 79,500 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው የጌጥ ጨርቅ፣ መብራትና መጠጥ ሁሉ ዶላሩን ተከትሎ ወጥቷል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ደጋሹ ነው። እንግዳው የሥጦታ ፖስታውን ይዞ ይመጣል፣ በልቶ ጠጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል።

የአዳራሹን ዋጋ ከምንዛሪው ባልተናነሰ የሚወስነው የበዓልና የጾም ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመናን በጾም አይድሩም፤ ስለዚህ የደጋው ሠርግ አብዛኛው በጥምቀትና በዐቢይ ጾም መካከል ይታጨቃል። ፋሲካ ሲቀርብ ይህ ጊዜ ያጥራል፣ ሲርቅ ይረዝማል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ቀን ነው። ከጥምቀት ማግስት እስከዚያ ያለው 27 ቀን ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ የተገኙት አራት ጊዜ ብቻ ናቸው። በ2019 ዓ.ም. ግን ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ቀን ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ሰባት ጊዜ ይገኛሉ። ያው አዳራሽ፣ ያው ወንበር፣ የሚሸጠው ቀን ግን ከስምንት ወደ አሥራ አራት ይወጣል። ሊድር ያሰበ ቤተሰብ የአዳራሽ ባለቤቱን ከማነጋገሩ በፊት ይህን ቢቆጥር፣ ለድርድር ባዶ እጁን አይቀርብም።

ገጠሩ እዚህ ላይ ይበልጣል። በዳስ የሚደገስ ሠርግ ቅዳሜን አይጠብቅም። በ2018ቱ 27 ቀን ውስጥ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ነነዌም ሲቀነሱ 17 የፍስክ ቀን ይተርፋል፤ ሰኞም ሐሙስም ይደገሳል። ለዳስ ቀን የሚያስወድድ ሻጭ የለም።

ታዲያ ገጠሩ ርካሽ ነው? ደጋሹ ከኪሱ የሚያወጣውን ብቻ ካየን አዎ። ድንኳኑና ድስቱ ከእድር ይመጣል። ዳሱን የሚተክለው፣ እንጨቱን የሚፈልጠው የአካባቢው ጎረምሳ ነው። ጠላውን የሚጠምቁት፣ እንጀራውን የሚጋግሩት ሴቶች ደግሞ ቀናቸውን ብቻ ሳይሆን ሌሊታቸውንም ይሰጣሉ። ይህ ጉልበት በገበያ ዋጋ ቢተመን ትንሽ አይሆንም፤ የሚከፈለው ግን በብር ሳይሆን በብድር ነው። ዛሬ ለእናንተ ልጅ እንጀራ የጋገረች ጎረቤት ነገ ልጇን ስትድር ትጠብቃችኋለች። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ብድሩን ይመልሳል። አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ግን ደግሶ ይመለሳል፤ ብድሩን የሚከፍሉት እዚያ የቀሩት እናትና አክስት ናቸው። የከተማው ልጅ «በትንሽ ብር ደገስኩ» ሲል ይህን አብሮ ቢያስበው ደስ ይለኛል።

ከዚህ የሚከብደው የበሬው ነገር ነው። የመንዝና የግሼ ደጋ በልግ ያርሳል፤ ገብሱ የሚዘራው ሠርጉ በሚደራበት በጥርና በየካቲት አካባቢ ነው። ለድግስ ሲባል በጥር የተሸጠ ወይም የታረደ በሬ ለበልጉ እርሻ አይደርስም። ቤተሰቡ ጥማድ ለማሟላት በሬ ይከራያል፣ አለዚያም መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ የአንድ ቀን ድግስ የአንድ ወቅት ምርት ይወስዳል። ለሠርግ በግ መሸጥ ሌላ ነገር ነው፤ የመንዝ በግ የገበሬው የቁጠባ ደብተር ነው፣ ለችግርና ለደስታ ይመዘዛል። በሬ ግን የሥራ መሣሪያ ነው። ከከተማ የሚመጣው ዘመድ ሌላ ምንም ባያደርግ የዚያን በሬ ዋጋ ቢሸፍን ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ እንግዳው እንምጣ። 300 እንግዳ ተጠርቶ 200ው የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው እንበል። መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከጣርማ በር ወዲያ ያለው መንገድ ተራራማ ነው። ቅዳሜ ለሚደገስ ሠርግ ዓርብ ይወጣል፣ እሑድ ይመለሳል። ይህ ማለት 200 የሥራ ቀን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ለ200 ሰው፣ ሁለት ሁለት ሌሊት ሲታሰብ ደግሞ 400 አዳር ነው። በጥር ውርጭ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ብርድ ልብስና የበግ ፀጉር ባና ለሁሉም ማዳረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ድግሱ ደብረ ብርሃን ቢሆን እነዚሁ 200 ሰዎች ጠዋት ሄደው ማታ ይገባሉ፤ ተጓዥና አዳሪ የሚሆኑት ከመንዝ የሚወርዱት 100 ናቸው። ቁጥሩን ገልብጡት፤ 200ው አገር ቤት ያለ ዘመድ ከሆነ ዳሱ ያሸንፋል። ስለዚህ ከውበቱም ከዋጋውም በፊት የእንግዳ ዝርዝሩ በአድራሻ ይከፈል።

በዚህ ላይ የጸጥታው ሁኔታ አለ። በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሰሜን ሸዋ በክልሉ ግጭት ካለባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኗል። መንገድ ሊዘጋ በሚችልበት አገር ሩቅ የተደገሰ ሠርግ ዋጋው ሁለት ነው፦ የድግሱ ዋጋና ያልደረሰው እንግዳ ምግብ። የአገሩን ሰው ያህል ይህ የሚያሳዝነው የለም፤ አያት የልጅ ልጇን ሠርግ በስልክ ቪዲዮ የምታይበት ጊዜ ነው።

ብሩ የት ይቀራል ለሚለው ግን ገጠሩን የሚያህል የለም። በአዳራሽ ከሚወጣው ብር ቢራው ለፋብሪካ፣ ጌጡ ለአስመጪ፣ ኪራዩ ለሆቴሉ ይሄዳል። እርግጥ ሐበሻና ዳሸን ደብረ ብርሃን ላይ ይጠምቃሉ፣ አስተናጋጁም የአካባቢው ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ግን ገበሬው ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ለሠርግ የተገዛ ሃያ በግ፣ የተሸመተ ገብስ፣ የተሸመነ ባና ዋጋው በቀጥታ ገበሬው እጅ ይገባል። መርሐቤቴ ደግሞ ጤፍ ስለሚያበቅል የእንጀራው ብርም እዚያው ይቀራል፤ በመንዝ ደጋ ግን ጤፉ ከቆላና ከወይና ደጋ መጫን አለበት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ውበት ፍለጋ መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ላይ ድንኳን ለመትከል የሚያስብ ካለ ይተወው። የአካባቢው ሕዝብ፣ አስቦና ጌራ የሚባሉት አባቶች ዘሮች፣ ቄሮ በሚሉት የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሣሩን እየከለለ ያቆየው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ቦታ ነው። በእንግድነት ሄዶ ማደርና ማየት ለማኅበረሰቡ ገቢ ነው፤ ጀኔሬተርና ሦስት መቶ ሰው ግን ጉዳት ነው።

የእኔ ምርጫ ድግሱን መክፈል ነው፤ ወጋችን ራሱ ሠርግ፣ መልስና ቅልቅል ብሎ ከፍሎታል። ሥርዓቱና የዘመዱ ድግስ አገር ቤት፣ በአዘቦት ቀን፣ በበግና በገብስ ጠላ ይሁን። የሥራ ባልደረባውና የከተማው ወዳጅ ለቅልቅሉ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ይጠራ፤ በሰው ቁጥር የሚከፈለው ሂሳብም ለ300 መሆኑ ቀርቶ ለከተማው እንግዳ ብቻ ይሆናል። አዳራሹን ስትዋዋሉ ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ የተነገራችሁ ዋጋ ቫትንና የአገልግሎት ክፍያን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም፣ የእንግዳው ቁጥር ቢቀንስ ስንት ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ይበቃል፣ መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይዛወራል።