ልጁ ለማን ይሰጣል?

(የፍርድ ቤት መተላለፊያ ድምፅ፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል)

ተራኪ፦ በፍቺ የሚለያዩ ወላጆች ችሎት ፊት ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ «ልጁ ለማን ይሰጣል?» የሚል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የጋራ ንብረትን በመርሕ ደረጃ እኩል ያካፍላል፤ ለልጅ ግን እንዲህ ያለ ማካፈያ የለውም። አንቀጽ 113 ዳኛው የባልና የሚስትን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም አመዛዝኖ እንዲወስን ያዛል። ትዳሩን ማን አፈረሰው የሚለው ከመመዘኛዎቹ ውስጥ አልተጠቀሰም። ጥፋተኛው ወገን፣ ፍትሕ ሲያስገድድ፣ ለሌላው ካሳ ሊከፍል ይችላል። ልጅ ግን የዚያ ካሳ መክፈያ ሊሆን አይገባም፤ በዚህ ዝግጅት የምንሟገትለትም ይህንኑ ነው።

ብዙ የፍቺ ማመልከቻ የሚጻፈው በሌላ መንገድ ነው። ማን አመሸ፣ ማን ሰደበ፣ የማን ዘመድ ጣልቃ ገባ የሚለው ገጽ በገጽ ይዘረዘራል፤ ስለ ልጁ የሚነገረው መጨረሻ ላይ «አሳዳሪነቱ ለእኔ ይወሰንልኝ» የምትል አንድ መስመር ትሆናለች። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ማን እንደሆነ፣ ሲታመም ሐኪም ቤት የሚወስደው፣ ማታ የቤት ሥራውን የሚያይለት ማን እንደሆነ አይጻፍም። ዳኛው ሊያውቅ የሚገባው ደግሞ ይህንን ነው። «ታዲያ ሲደበድበኝ የኖረ ሰው ልጅ ያሳድግ?» የምትል እናት ብትኖር ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ልጅ ባለበት ቤት የሚፈጸም ድብደባ የልጁን ደኅንነት በቀጥታ ስለሚነካ በማስረጃ መቅረብ አለበት፤ የሚመዘነውም በልጁ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው።

ሕፃን ልጅ ምንጊዜም የእናቱ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ መነሻም አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ይደነግግ ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን አልደገመውም። ለእናቶች የነበረው ከለላ ተነሣ የሚሉ ሰዎች ስጋት ይገባኛል። ሆኖም የልጁ ዕድሜ ዛሬም መመዘኛ ስለሆነ ጡት የሚጠባን ሕፃን ከእናቱ የሚነጥል ዳኛ ብርቱ ምክንያት ያስፈልገዋል። «ደመወዝ የለሽም፤ ልጁን ትነጠቂያለሽ» የሚለው ማስፈራሪያም ከሕጉ ጋር አይሄድም። ገቢ ከብዙ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው፤ የገቢን ልዩነት ለማጥበብም ቀለብ አለ።

ቁርጥ ያለ ደንብ ከሌለ ነገሩ ሁሉ በዳኛው ፈቃድ ላይ ወደቀ የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። እርግጥ ተመሳሳይ ጉዳይ በሁለት ችሎቶች የተለያየ ውሳኔ ሊያገኝ ይችላል። የዳኛው ሥልጣን ግን ልጓም አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ ደኅንነታቸው እንዲቀድም ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ይህ ድንጋጌ እስከ የት እንደሚሄድ ያሳያል። ጉዳዩ የፍቺ አልነበረም። እናቱ የሞተችበት ልጅ በአክስቱ እጅ ሳለ አባትየው ሞግዚትነት ጠየቀ፤ ችሎቱ የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ለአክስቲቱ ወሰነ። የአባትነት መብት እንኳ ከልጁ ጥቅም በታች ከዋለ፣ በባልና በሚስት መካከል ያለ ቂም ከዚያ በላይ ሊውል አይችልም።

ከውሳኔ በኋላም «ልጄን ካላሳየችኝ ቀለብ አልቆርጥም»፣ «ቀለብ ካልቆረጠ አላሳየውም» የሚል መያዣ ይጀመራል። ሁለቱም የሚጎዱት ልጁን ነው፤ ሕጉ ቀለቡንም ጉብኝቱንም ለየብቻ ያስከብራል። ቀለብ የተከለከለች እናት የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍታለች፤ ልጁን እንዳያይ የተከለከለ አባትም እንዲሁ። ገቢው የቀነሰበት ወላጅ ደግሞ መክፈሉን ሳያቋርጥ የቀለቡ መጠን እንዲሻሻልለት ለፍርድ ቤቱ ያመለክታል።