ሰላሳ ነው ወይስ ስልሳ?

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያለብሱት ከቁሐር ሚካኤል ወረታ መድረስ ቀላል አይደለም። ልጅ የታመመባት እናት ያን ጊዜ መጀመሪያ የምታነሣው ስልኳን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አያትም ጎረቤትም ከጎን ይናገራሉ። «ትንፋሹን ቆጠርሁት፤ በደቂቃ ስ...ሳ ነው» ትላለች። ሰላሳ ነው ወይስ ስልሳ?

ለአንድ ወር ሕፃን ሰላሳ ደህና አተነፋፈስ ነው። ስልሳ ግን አይደለም። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል፤ ዳግም ተቆጥሮ ያው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት መነሻው 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ነው።

ይህ ችግር የስልክ መሐንዲሶችም ችግር ነበር። ክላውድ ሻነን የተባለ አሜሪካዊ በቤል የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሲሠራ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጫጫታ ባለበት መስመርም መልእክቱን ከመስመሩ አቅም ሳያልፉ፣ በብልሃት ትርፍ ነገር ጨምረውበት ቢልኩት ስህተቱን እጅግ ማሳነስ እንደሚቻል በሂሳብ አሳየ። መልእክት የሚመዘነው ሰሚው አስቀድሞ ሊገምተው በማይችለው ነገር እንደሆነም አስረዳ።

የእኛን ሰላምታ ተመልከቱ። «እንዴት ሰነበታችሁ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ ደህና ናችሁ ወይ» ሲባል ግማሹ ቢቆረጥ እንኳ ጆሯችን ይሞላዋል፤ ቀድመን እናውቀዋለንና። ቁጥር ግን እንዲህ አይሞላም። አጠገቡ ያለው ቃል ሰላሳን ከስልሳ አይለይልንም። ስለዚህ ሰሚው የፈለገውን ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም ደህናውን።

«ስልሳ! ስልሳ!» እያሉ መጮህ እምብዛም አይረዳም፤ ያው ድምፅ በያው ጫጫታ ውስጥ ያልፋል። መልኩን መቀየር ይሻላል፦ «ስድስት ዜሮ»። (ስልሳን «ስድሳ» የሚሉ ሰዎች ከሰላሳ ይርቃሉ፣ ግን ወደ ስድስት ይጠጋሉ።) ከቁጥሩ በፊት የልጁ ዕድሜ ይነገር፤ የአንድ ወር ልጅ መሆኑን ያወቀ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጆሮውን ያቆማል። ከዚያ «ሰማህ?» አትበሉ፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ሰው «አዎ» ነው የሚለው። «ስንት አልሁህ?» ብላችሁ እሱ ራሱ ቁጥሩን ይመልስላችሁ። የመድኃኒት መጠንም ሲነገራችሁ በዚሁ መንገድ እናንተ መልሳችሁ በሉት።

በጽሑፍ መልእክት ቁጥሩ ይጠራል፣ ቃሉ ግን ያታልላል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና «ሐኪሙ አለ» ተናገረ ነው ወይስ ቦታው ላይ ይገኛል? «ሐኪሙ ጤና ጣቢያ ነው» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ከስልኩ በፊት ቆጠራው ራሱ ጫጫታ አለበት። የሚያለቅስ ወይም የሚጠባ ልጅ ትንፋሹ አይቆጠርም። ሲረጋጋ ልብሱን ገልጣችሁ፣ ሆዱንና ደረቱን እያያችሁ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ይፈጥናል፤ ነገር ግን አንዲት ያመለጠች ትንፋሽ አራት ትሆናለች።

መጥባት ያቃተው፣ ያንቀጠቀጠው፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል በኃይል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን ግን ቁጥሩ ሰላሳም ይሁን ስልሳ ወዲያው ይወሰድ።