«አያጨሱም» ከተባለ በኋላ

ለሳል የመጡ እናቶችን ሲጋራ አጭሰው ያውቁ እንደሆነ ስጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት ነው። «አስተግፊሩላህ! ምን አልኸኝ ልጄ?» ይላሉ። አንዳንዷ ትቆጣለች፣ አንዳንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። እውነታቸውን ነው፤ በ2016 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ ሴቶች ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ካርዱ ላይ «አያጨሱም» ይጻፋል፤ የሳንባ ካንሰር ጥርጣሬም እዚያው ይዘጋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ዋናው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ሲጋራ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ እንኳ ከመቶ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ከ10 እስከ 20ዎቹ ጨርሶ አጭሰው የማያውቁ ወይም በዕድሜያቸው መቶ ሲጋራ ያልሞሉ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ እንጀራ የሚጋግሩት የት ነው? ከስንት ዓመትዎ ጀምሮ? በምን ማገዶ? ያን ጊዜ ጨዋታው ይመጣል። ገና በልጅነታቸው ምድጃ ስር የተቀመጡ ናቸው። ኩበት፣ ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅባት በርና መስኮት ይዘጋል፣ የከሰሉ ማንደጃም ወደ ውስጥ ይገባል። ጥላሸት በጠጣ ማዕድ ቤት ልጅ አዝለው የጋገሩ፣ እንጀራ ሸጠው ልጆች ያስተማሩ ሴቶች ናቸው። ዓይናቸውን እንደሚቆጠቁጣቸው ይነግሩኛል፤ ስለ ሳንባቸው የጠየቃቸው ግን የለም። የምድጃው ጭስ በሲጋራ ጭስ ውስጥ የሚገኘውን ቤንዞፓይሪን የመሰሉ ካንሰር አምጪ ነገሮችን ይይዛል። የምድጃውን ዓመትና የማገዶውን ዓይነት ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፤ ቦታ ባይዘጋጅለትም ዳር ላይ እጽፋለሁ።

በቻይና ዩናን ግዛት፣ ሹዋንዌይ በተባለ አካባቢ፣ የማያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር በብዛት ይሞቱ ነበር። ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ ቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ያነዱ ነበር። ከ21,000 በላይ ገበሬዎችን ያካተተ፣ በ2002 የታተመ ጥናት ጭስ ማውጫ ወዳለው ምድጃ ከተሻገሩት መካከል በሽታው በወንዶች ከመቶ 41፣ በሴቶች ከመቶ 46 ቀንሶ አገኘው። የእኛ ማገዶ ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2010 የድንጋይ ከሰልን ጭስ ያለጥርጥር ካንሰር አምጪ ሲል፣ የእንጨትና የኩበትን ጭስ «ሳያመጣ አይቀርም» ከሚለው ምድብ አስቀመጠው። ልዩነቱን አከብራለሁ፤ ለአንዲት እናት «ምድጃዎ ነው ያመጣብዎ» አልልም። ለማዕድ ቤቱ ጭስ ማውጫ ይውጣለት ለማለት ግን ይበቃኛል።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ታማሚው ሹፌር፣ ረዳት ወይም የጋራዥ ሠራተኛ ይሆናል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርገው የሚገቡት ከባድ መኪኖች የሚተፉት የናፍጣ ጭስ በ2012 በዚያው ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሏል፤ የተበከለ አየር ደግሞ በ2013።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የቲቢው ነገር ነው። ሳል፣ ክሳት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ሲታይ ቀድሞ ቲቢ መታሰቡ ትክክል ነው፤ ቲቢ ብዙ ነው፣ ይድናልም። አክታው በጂን ኤክስፐርት ታይቶ ምንም ሳይገኝ፣ በራጅ ላይ ባለች ጥላ ብቻ የስድስት ወሩ መድኃኒት መጀመሩም ሁልጊዜ አያስወቅስም። የሚጎዳው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ጥላዋ ስትሰፋ፣ ክብደቱ እየወረደ ሲሄድ፣ «ኪኒኑን በደንብ አልዋጡትም ይሆናል» ተብሎ ታማሚዋ ትጠረጠራለች፣ መድኃኒቱም እንደገና ይጀመራል።

አጭሰው በማያውቁ ሰዎች ላይ የሚበዛው ዓይነት አዴኖካርሲኖማ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከሳንባው ዳር ስለሚነሳ ቶሎ አያስልም። ከእነዚህ ታማሚዎች ብዙዎቹ ኢጂኤፍአር በተባለ ጂን ላይ ለውጥ ይገኝባቸዋል። በለንደኑ ፍራንሲስ ክሪክ ተቋም የተመራ፣ በ2023 የታተመ ምርምር እንዳሳየው አየር ላይ ያለው ደቃቅ ብናኝ ይህን ለውጥ ይዘው ሳንባ ውስጥ ለዓመታት የተኙ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። ለዚህ ለውጥ የተሠሩ በአፍ የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ለውጡ መኖሩ የሚታወቀው ግን ናሙና ሲመረመር ብቻ ነው። ለራዲዮቴራፒ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ታማሚ የባከነ ወር ከባድ ነው። ስለዚህ የቲቢ ክፍል ባልደረቦቼን እለምናለሁ፦ ቲቢው በአክታ ካልተረጋገጠ በሁለተኛው ወር ራጁ ይደገም፤ ጥላዋ ካልቀነሰች መድኃኒቱን እንደገና ከመጀመር በፊት ሲቲ ስካንና የናሙና ምርመራ ይታዘዝ።